አንድ ፊቱ ባዶ የሆነ 10 ሳንቲም፦ ስህተት ነው ወይስ ጉድ ሠርቶኛል?

የማራኪዋ ባለሱቅ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከጎንደር ነው። ማራኪ ሰፈር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ስለ ሳንቲም የማውቀው መልስ መስጠት ብቻ ነበር፤ አሁንማ መልሱም ማስቲካ ሆኗል።

አያቴ ቤቷ ሲታደስ ሙዳይዋን እኔ ዘንድ አስቀመጠች። ከሥር በጨርቅ የተቋጠረ ሳንቲም አለ። ይህ የሆነው ቲክቶክ ላይ አንዱ "ይቺ ሳንቲም ካለችህ ሚሊየነር ነህ" እያለ በሰነበተበት ሳምንት ነው። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ፎቶዎቹን ከታች ለጥፌያለሁ። ያሉኝ እነዚህ ናቸው። የደርግ ጊዜ 10 ሳንቲም፦ በአንዱ ፊት ደጋ አጋዘኗ አለች፣ በሌላው ፊት አንበሳው መኖር ሲገባው ልሙጥ ነው፣ ምንም የለበትም። የምኒልክ አንድ ብር፦ ጠቁሮ ስለነበር በሎሚና በአመድ ፈትጌው አሁን እንደ መስታወት ያበራል። የጃንሆይ 25 ሳንቲም፦ ይሄኛው ነጭ ነው፣ ደግሞም ድፍን ክብ ነው፤ እኔ የማውቀው የጃንሆይ ስሙኒ ቀይ ሆኖ ጠርዙ እንደ አበባ የተከረከመ ነው። ማርትሬዛ (የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የብር ሳንቲም)፦ ለአንገት የሚሆን ቀለበት ተበይዶበታል። ሌላው ተራ ዝርዝር ነው። ከመሀሉ አንዷ 5 ሳንቲም አይጥ የገመጣት ትመስላለች፤ እሷን ልጄ እንዲጫወትባት ሰጠሁት።

ፒያሳ አንድ ሰው ሁሉንም በ3,000 ብር ልውሰድ አለኝ። የገረመኝ 10 ሳንቲሙን አላየውም፤ "እሱን ተዪው" ብሎ በጣቱ ገፋው። ሆን ብሎ ያስመሰለ መሰለኝና ሰብስቤ ወጣሁ። ልክ ሠርቻለሁ?

የአዘዞ ልጅ

ለዚያው ለቲክቶኩ ሰውዬ ሽጪለት። ሚሊዮን ያወጣል ካለ እሱ ይግዛት እንጂ!

ጠገራ

የኔ ልጅ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ያቺን የተገመጠች 5 ሳንቲም ከልጅሽ ተቀበይ። ምክንያቱን ስደርስበት እነግርሻለሁ።

እኔ እዚሁ ጎንደር ከማስተማር በጡረታ የተገለልኩ ሰው ነኝ። ሳንቲም መልቀም ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ባለቤቴ "ሰው ገንዘብ ሰብስቦ ቤት ይሠራል፣ ይሄ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ ገንዘብ አስቀመጠ" ትላለች።

ስህተት ሳንቲም ማለት መምቻው ፋብሪካ ውስጥ የተሳሳተ ነው። ከበሩ ከወጣ በኋላ የደረሰበት ሁሉ፣ መዶሻም ይሁን ሞረድ ወይም የልጅ ጥርስ፣ ጉዳት ነው። ስለዚህ አንድ ሳንቲም አልገጥምሽ ሲል "ይህ እንዴት ተሠርቶ እንዲህ ሊሆን ቻለ?" ብለሽ ጠይቂ። ሳንቲም ሲመታ ባዶ ክብ ብረት ከታችና ከላይ ባሉ ሁለት ማተሚያዎች መሀል ይገባል። አንድ ጊዜ ሲረገጥ ሁለቱም ፊት እኩል ይወጣል። አንዱ ፊት ብቻ ባዶ የሚቀረው በአብዛኛው ሁለት ብረት ተደራርቦ ሲገባ ነው። ያኔ አንደኛው አጋዘኗን ይዞ ይወጣል፣ ሌላኛው አንበሳውን፤ የተነካኩበት ፊት ልሙጥ ይቀራል። ይሄ በእውነት ይደርሳል፤ ሲገኝም ትልቅ ነገር ነው።

ግን እዚህ ላይ ልብ በይ። እንዲህ የተመታ ሳንቲም ብረቱ አልጎደለም። ክብደቱ እንደ ጓደኞቹ ነው። በሞረድ ወይም በድንጋይ ተፍቆ ከሆነ ግን ይሳሳል፣ ይቀላል። ስለዚህ ወርቅ ቤት ሂጂና አስመዝኚው። የምታወዳድሪበት ሌላ 10 ሳንቲም ያንኑ ዓመት የያዘ ይሁን። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ነው የተጻፈው፦ ፲፱፻፷፱ ማለት 1969። እሱ ናስ ነው። ከ1996 ወዲህ ያሉት ውስጣቸው ብረት ሆኖ ላያቸው የተለበጠ ስለሆነ ክብደታቸው አይገጥምም። ማግኔት ካለሽ አስጠጊው፤ የሚሳበው አዲሱ ነው። ሲመዘን ደግሞ ልሙጡን ፊት ወደ መስኮት አጋድለሽ እዪው። ወደ አንድ አቅጣጫ የሄደ ጭረት ካየሽ ሞረድ ነው።

የምኒልኩን ብር ሳይ ግን ሆዴ ባባ። ሎሚና አመድ! ምነው ልጄ፣ ድስት መሰለሽ?

ፎቶሽ ላይ ፲፰፻፹፱ ይላል፣ 1889 ማለት ነው። ፓሪስ የተመታ፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝን የብር ሳንቲም ነው። ከዘውዱ ጌጥ ግማሹ ይለያል፣ የአንበሳው ጎፈርም ገና አልጠፋም። ሰብሳቢዎች ደረጃ የሚሰጡት ከ1 እስከ 70 በሚሄድ መለኪያ ነው። ሼልደን የሚባል አሜሪካዊ በ1949 (በፈረንጅ) ለአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች ያወጣው ነው። ሰባ ላይ መቆሙ ሰው ይገርመዋል፤ ያን ጊዜ ከሁሉ የተበላሸው 1 ዶላር ካወጣ ፍጹሙ 70 ያወጣል ከሚል ስሌት ነው የመጣው። ዋጋው ጥንት ተለዋወጠ፣ ቁጥሩ ግን ቀረ። ከ60 ጀምሮ ያለው እጅ ያልተገበያየበት ነው። 50ዎቹ ላይ ያለው ጉንጭና ቅንድብ ላይ ብቻ ትንሽ የተሻሸ ነው። 40 እና 45 ላይ ዝርዝሩ ሁሉ አለ፣ ሹሉ ብቻ ደንዟል። ከ20 እስከ 35 ገበያ የዋለ ግን ያልተዋረደ። ከዚያ ወደ ታች እየወረደ ይሄድና 4 ላይ ስትደርሺ ምኒልክ መሆናቸውን የምታውቂው በጥላቸው ነው።

ያንቺን ሳትነኪው ባየው 30 እሰጠው ነበር። አሁን ቁጥር አያገኝም። ሳንቲም ከማተሚያው ሲወጣ ላዩ ላይ ዓይን የማያየው የብረት ፍሰት መስመር ይኖረዋል፤ ብርሃን ላይ ስታወዛውዢው አብሮ የሚዞረው ነጸብራቅ ከእሱ ነው። ገበያ ሲውል እሱ ይሄድና በቦታው ዕድሜ ያመጣው ጥቁረት ይተካል። አመድ ሁለቱንም ጠርጎ ጭረት ይተውበታል። የሚያውቅ ሰው ከሩቅ "ታጥቧል" ይላል። አትዘኚ፣ ብሩ ብር ነው፤ ሁለተኛ ግን ሌላውን እንዳትነኪብኝ። አንድ ነገር ልጨምርልሽ፦ ባንቺው 1889 ላይ አንበሳው ያነሳው የፊት ግራ እግሩን ነው፣ በ1892ቱ ላይ ደግሞ ቀኙን። ሁለቱን አስተያይቶ "ስህተት አገኘሁ" የሚል ሰው በየዓመቱ ይደውልልኛል። ስህተት አይደለም፣ ሌላ ቅርጽ ነው። እንዲሁም በ1969ኙ ስሙኒ ላይ የአንበሳው የአገጭ ጸጉር ሁለት ዓይነት ሆኖ ይመጣል። እሱም ዓይነት እንጂ ስህተት አይደለም።

ነጩ ስሙኒ ደስ ብሎኛል። ጉንጩን ቀረብ አድርገሽ ፎቶ አንሺልኝ። ከዚያ እናወራለን።

የአንጥረኛው ልጅ

ስለ ማርትሬዛዋ እኔ ልበል፤ አባቴ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ብር ሠሪ ነበር። ቀለበቱን ለማስነሳት እንዳትሞክሪ። እሳት ከነካው በኋላ የብየዳው ምልክት አይጠፋም፤ ቀለበቱ ተነሳም አልተነሳም ሰብሳቢ እንደ ተጎዳ ነው የሚቆጥረው። እንዳለች ግን የአንገት ጌጥ ናት፣ እንደዚያ ትወደዳለች። አባቴ ስንቱን ጠገራ (ያው ማርትሬዛ) ለመስቀልና ለድሪ እንዳቀለጠው ሳስብ አሁን ያመኛል።

1780 ስለሚል ደግሞ ያን ያህል ዕድሜ አለው ማለት አይደለም። ንግሥቲቱ የሞቱት በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዓመቱ ሳይለወጥ ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይ ሳይቀር ተመቷል። የድሮ ሰው ግን ቀልድ አያውቅም፤ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ አይቶ ሉሎቹን ቆጥሮ ነበር የሚቀበል። ዘጠኝ ካልሞላ ይመልሰዋል። አባቴም ሲገዛ አንድ በአንድ በጥፍሩ ይነካቸው ነበር።

@ጠገራ ጋሼ፣ ነጩ ስሙኒ እርስዎ የጠረጠሩት ነው ብዬ ነው። በእኛ ሙያ ብር መቀባት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ ጎንደር ተወልጄ አሜሪካ ነው ያለሁት። ያወጣሁትን ብር ልንገራችሁ፣ ሌላ ሰው እንዳይደግመው። አንድ ሻጭ የጃንሆይ 10 ሳንቲም "ጽሑፉ ድርብ ነው፣ ማተሚያው ላይ ሁለት ጊዜ ተቀርጾ ነው" ብሎ በደህና ዋጋ ሸጠልኝ። እኔም ደረጃ ሰጪ ድርጅት ዘንድ ላክሁት። ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የሚባሉት ናቸው የታወቁት፤ ሳንቲሙን አይተው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ በታሸገ የፕላስቲክ ሳጥን ይመልሱልሃል። ወራት ጠብቄ ሲመጣ ስለ ድርብ ጽሑፍ አንድ ቃል የለም። ቁጥሩ ብቻ።

በኋላ ነው የገባኝ። ማተሚያው ራሱ ድርብ ሆኖ ሲቀረጽ ሁለቱም ፊደሎች ክብና ሙሉ ናቸው፣ ጫፋቸው ላይ ስንጥቅ ይታያል። ማተሚያው ሲመታ ላላ ብሎ ተንቀሳቅሶ ከሆነ ግን ሁለተኛው ፊደል እንደ መደርደሪያ ጠፍጣፋ ነው፣ የመጀመሪያውንም ፊደል ያቀጥነዋል። የእኔ ሁለተኛው ነበር። እሱ በየቦታው ሞልቷል፣ ድምቡሎ አይጨምርም። የመላኪያው ሒሳብ ከሳንቲሙ በላይ ሆነብኝ።

እህቴ፣ ለጊዜው የትም አትላኪ።

የማራኪዋ ባለሱቅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ በሎሚው ያሉኝ ልክ ነዎት፤ እናቴም ስትሰማ "ምነው እጅሽን በቆረጠው" አለች።

ወርቅ ቤት ሄድኩ። ልጁ መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ ከዚያ መዘነልኝ። ከሱቅ ሦስት 1969 ለቅሜ ይዤ ነበር። ሦስቱም እኩል ናቸው። ባለ ልሙጡ ከእነሱ ከአንድ ግራም በላይ ጎደለ። መስኮት ላይ ሳጋድለውም ጭረቱ ሁሉ በአንድ በኩል ተኝቷል፣ እንደ ታረሰ እርሻ። አያቴን ስጠይቃት "እሱማ አጎትሽ ነው፤ ለሬዲዮው ሮንዴላ አጥቶ ድንጋይ ላይ ሲፍቀው ውሎ ነበር" አለችኝ። ሚሊዮኔ ሮንዴላ ሆኖ ቀረ። የፒያሳው ሰውዬ ለካ አላስመሰለም!

ነጩ ስሙኒ፦ ጉንጩን ቀረብ አድርጌ አንስቻለሁ። ከዓይኑ ሥርና ከጆሮው በላይ ቀይ ነገር ይታያል። ዝገት ነው?

ጠገራ

መዳብ ነው። ደስ አለኝ፣ አንጥረኛውም እኔም አልተሳሳትንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጃንሆይ ስሙኒ መዳብ ነው፣ ሽልንጉ (50 ሳንቲሙ) ግን ብር። ስሙኒው መጀመሪያ የወጣው ድፍን ክብ ሆኖ ነው፤ መጠኑም ከሽልንጉ ጋር ይቀራረባል። ታዲያ የእኛ ሰው መች ይተኛል! ስሙኒውን ብር እየቀባ በሽልንግነት ያሳልፈው ገባ። በአንድ ሳንቲም ላይ 25 ሳንቲም ትርፍ ነው፤ በዚያን ጊዜ ገበያ ቀላል አልነበረም። ስለዚህ ክቡ ቀረና ጠርዙ እንደ አበባ የተከረከመው መጣ። አንቺ የምታውቂው እሱን ነው። ማየት የተሳነው ሰው እንኳ በጣቱ ይለየዋል። ሁለቱም ላይ ግን የተጻፈው ዓመት አንድ ነው፣ 1936። የመዳቦቹ ሳንቲሞች ለብዙ ዓመት ሲመቱ ያ ቁጥር አልተለወጠም።

ብር ቅብ ደግሞ መጀመሪያ የሚነሳው ከፍ ካለው ቦታ ነው። ጉንጭ፣ ቅንድብ፣ ጸጉር። ያየሽው ቀይ እሱ ነው። እንግዲህ የያዝሽው ስህተት አይደለም፣ በደረጃም ቢሆን "የተነካካ" ነው የሚባል። ለእኔ ግን ከዚያ ሙዳይ ውስጥ ምረጥ ብትዪኝ ምኒልክን ትቼ እሱን አነሳ ነበር። አንድ ሰው ጎንደር ውስጥ ወይም ሌላ ቦታ ማታ በኩራዝ ተቀምጦ ቀብቶት፣ በማግስቱ ልቡ እየደለቀ በርበሬ ገዝቶበታል። እስቲ አያትሽን ከየት እንደመጣ ጠይቂያት፣ ካልተቆጣችሽ።

ወደ 5 ሳንቲሟ ልመለስ። ባዶ ክብ ብረት የሚቆረጠው ከረጅም የብረት ሰሌዳ ነው፣ ዳቦ ቆሎ ከሊጥ እንደሚቆረጥ። ሰሌዳው በትክክል ካልተገፋ መቁረጫው ቀድሞ የተቆረጠው ቀዳዳ ላይ ይደርባል፤ ያኔ የወር መጀመሪያ ጨረቃ የምታህል ቁራጭ ትጎድላለች። በፎቶሽ ላይ ያለችው ጉድለት ጥርት ያለች ቅስት ናት። መቀስ ወይም ሞረድ ቢሆን ቀጥ ያለ ወይም የተሸራረፈ ይሆን ነበር።

ማረጋገጫው ከጉድለቷ ፊት ለፊት ያለው ጠርዝ ነው። ከመመታቱ በፊት ባዶው ብረት ዙሪያውን ተጨምቆ ከንፈር እንዲያወጣ ይደረጋል። በአንድ በኩል ብረት ከሌለ በተቃራኒው በኩል የሚጫነው ነገር አያገኝም። ስለዚህ እዚያ ከንፈሩ ይደክማል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ቤቱ ተቀምጦ በመቀስ የቆረጠ አጭበርባሪ ያንን ማስመሰል አይችልም። እዪና ንገሪኝ። ሌላው፦ ጉድለቷ አጠገብ ያሉ ፊደላት ወደ ጉድለቷ የተሳቡ፣ የደበዘዙ መሆን አለባቸው፤ ብረቱ ሲረገጥ ወደ ባዶው ስለሚፈስ። በኋላ የተቆረጠ ከሆነ ግን ፊደሉ ጥርት ብሎ መሀሉ ላይ ድንገት ይቋረጣል።

የአዘዞ ልጅ

ጋሼ ስለ አጭበርባሪ ካነሱ እኔም ልጠይቅ። ፋሲል ግቢ በር ላይ አንዱ "የአፄ ፋሲል ሳንቲም" ብሎ ለቱሪስት ሲሸጥ አይቻለሁ። አለ እንዴ?

ጠገራ

የለም። የጎንደር ነገሥታት ግንብ ሠሩ እንጂ ሳንቲም አልመቱም። ገበያው በአሞሌ፣ በሸማ፣ በሚዛን ወርቅ ነበር፤ በኋላ ጠገራ መጣ። ሳንቲም የመቱት ከእነሱ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ቀድሞ አክሱሞች ናቸው። አክሱም ነው የሚል ሰው ከመጣብህ ደግሞ ሁለት ነገር ይሆናል፦ ወይ ሐሰት ነው፣ ወይ እውነት ሆኖ ቅርስ ነው። እውነት ከሆነ ሸጦ መላክ በሕግ ያስጠይቃል። አትግዛ።

የማራኪዋ ባለሱቅ

ጋሼ፣ ጉድ ሆንኩ። ልጄ 5 ሳንቲሟን ለጎረቤት ልጅ በብይ ለውጧታል! እየሄድኩ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

😂😂 ሩጪ!

የማራኪዋ ባለሱቅ

ተመልሻለሁ። ልጁ ዋጋዋን አውቆ ነው መሰለኝ ተግደረደረብኝ። "ዘውድ ወይ ጎፈር እንጣልና ከረታሽኝ ውሰጂ" አለ። በምን እንጥላለን ብለው በራሷ! እኔ አልወራረድም አልኩና ከሱቅ ስድስት ብይና አንድ ብስኩት ሰጥቼ ተቀበልኩት።

አሁን መብራት ሥር ይዣታለሁ። ወታደሩ ያለበትን ፊት ወደ እኔ አዙሬ፣ ጉድለቷን ወደ ላይ አድርጌያለሁ። ከታች በኩል፣ ልክ ፊት ለፊቱ፣ ሁለት የስንዴ ፍሬ የምታህል ቦታ ላይ ከንፈሩ የለም። በጥፍሬ ስሄድበት ዙሪያውን ይይዘኛል፣ እዚያ ጋ ሲደርስ ይንሸራተታል። ጉድለቷ አጠገብ ያለችው ፊደልም ቀጥናለች፣ አልተቋረጠችም።

ጠገራ

እሰይ! እሷ ናት። ሚሊዮን አታወጣም፣ እንዲህ ያለ ጉድለት ከስህተቶች መሀል በብዛት ከሚገኙት ነው። ግን ከሰላሳ ዓመት ለቀማዬ በደርግ 5 ሳንቲም ላይ በእጄ የያዝኩት አንድ ብቻ ነው። በወረቀት ፖስታ አድርጊያት፤ በለስላሳ ፕላስቲክ እንዳትጠቀልያት፣ አረንጓዴ ያወጣል። ስትይዣት በጠርዟ።

ቅዳሜ ከገበያ መልስ በሱቅሽ በኩል አልፋለሁ። አጉሊ መነጽሬን ይዤ እመጣለሁ። ስሙኒውንም አውጥተሽ ጠብቂኝ።

የማራኪዋ ባለሱቅ

ቡና አፈላለሁ ጋሼ። አያቴም ትመጣለች። ስሙኒውን ስጠይቃት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀችና "አባትሽን ጠይቂው እንዳልል ሞቷል" አለች፤ ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም። እርስዎ ቢጠይቋት ይሻላል።